በዘር በደልና በሁከት መካከል የአንድ ተራ ሰው ድርሻ ምንድን ነው?

  

የዛሬው ርዕሳችን ከአንድ አድማጭ ወንድማችን በደረሰን ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው። ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፤ “እኔ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት የምሠራ፣ ፖለቲካ የማላውቅ፣ ቋንቋውም በደንብ ያልገባኝ ሰው ነኝ። ሰው በቆዳው ቀለም ሲበደል ሳይ፣ ከዚያም ከተማው ሲታወክ ሳይ፣ በሬን ዘግቼ ከመቀመጥ በቀር ምን ላደርግ እችላለሁ?”

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ ስለ ፍትሕ በጥቅሉ ይነገርና ጠያቂው እንደመጣ ይመለሳል። ስለዚህ ዛሬ አንድ የታወቀ ጉዳይ እንያዝ። በዚያ ጉዳይ ውስጥ ሥልጣንም ገንዘብም ያልነበራቸው ሰዎች ምን እንዳደረጉ፣ ምን እንዳላደረጉም እንመልከት። ጉዳዩ በ2020 በሚኒያፖሊስ ከተማ የተፈጸመው የጆርጅ ፍሎይድ ግድያ ነው። ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንናገራለን፤ እዚህ አሜሪካ ያለው አድማጫችን በዚሁ ስለሚያስታውሰው።

ነገሩ የሆነው ሜይ 25 ቀን፣ ሰኞ ምሽት ነው። እኛ ዒድ አልፊጥርን ባከበርን ማግስት ማለት ነው። በ38ኛው ጎዳናና በቺካጎ አቬኑ ማዕዘን ላይ በዚያን ጊዜ ካፕ ፉድስ ይባል የነበረ ሱቅ አለ፤ ባለቤቶቹ ትውልዳቸው ከፍልስጤም የሆነ ሙስሊሞች ናቸው። የ46 ዓመቱ ጥቁር አሜሪካዊ ጆርጅ ፍሎይድ ከዚህ ሱቅ ሲጋራ ገዝቶ በ20 ዶላር ኖት ከፈለ። ኖቷ ፎርጅድ ትመስል ነበር። ገንዘብ ተቀባዩ የ19 ዓመት ወጣት ነው፤ በሱቁ ደንብ ደግሞ ፎርጅድ የተቀበለ ሠራተኛ ከራሱ ይከፍላል። ወጣቱ በኋላ በፍርድ ቤት እንደተናገረው ዕዳውን በራሱ ላይ ሊያደርገው አስቦ ነበር። ሆኖም ለኃላፊው ነገረ፤ ወጥቶ ሰውየውን እንዲጠራ ተላከ፤ በመጨረሻም ሌላ ሠራተኛ ፖሊስ ጠራ።

የቀረውን ዓለም አይቶታል። ፍሎይድ እጁ ወደ ኋላ በካቴና ታስሮ፣ በደረቱ አስፋልት ላይ ተኝቶ፣ ዴሪክ ሾቪን የተባለው ፖሊስ ለ9 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ በላዩ ላይ ተንበረከከ። ጉልበቱ ያረፈው በሰውየው አንገት ላይ ነበር። ሦስት ባልደረቦቹ አብረውት ነበሩ።

አሁን ልብ ብላችሁ አድምጡኝ። ፖሊስ በዚያው ሌሊት መግለጫ አውጥቶ ነበር። መግለጫው አንድ ሰው ከፖሊስ ጋር በተገናኘበት ወቅት ባጋጠመው የጤና ችግር መሞቱን ይገልጻል። ሰውየው እንደታገለ ይናገራል፤ ስለ ጉልበቱ ግን አንድም ቃል የለበትም። ሌላ ማስረጃ ባይኖር ኖሮ የዚያ ሰው ታሪክ ይኸው ወረቀት ነበር። ቤተሰቦቹ ቢጮሁ “መረጃ አምጡ” ይባሉ ነበር። ስንት እናት እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛ እንደቀረች አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ወረቀቱን ከንቱ ያደረገችው የ17 ዓመት ልጅ ናት። ዳርኔላ ፍሬዚየር ትባላለች። የዘጠኝ ዓመት የአክስቷን ልጅ ይዛ ከዚያው ሱቅ የሚበላ ነገር ልትገዛ ስትመጣ ሁኔታውን አየች። ልጅቷን ወደ ሱቁ አስገብታ ተመለሰችና ስልኳን አውጥታ ቀረጸች። ሌሊቱን ቪዲዮውን በፌስቡክ ላይ አወጣችው። በ2021 የፑሊትዘር ሽልማት ቦርድ ልዩ ዕውቅና ሰጥቷታል። ይሁን እንጂ እኔን የሚያስደንቀኝ ሽልማቱ አይደለም። በፍርድ ቤት ቆማ፣ የበለጠ ባለማድረጓ ሟቹን ይቅርታ ስትጠይቅ ያደረችባቸው ሌሊቶች እንዳሉ መናገሯ ነው። ከእርሷ በላይ ያደረገ ማን ነበር? እንግዲህ ኅሊና ያለው ሰው ማለት ይህ ነው።

እርሷ ብቻ አልነበረችም። በዚያ የእግረኛ መንገድ ላይ የቆሙት ሁሉ በራሳቸው ጉዳይ የሚያልፉ ሰዎች ነበሩ። አንዲት ከሥራ ሰዓት ውጭ የነበረች የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሕክምና እርዳታ ሥልጠና እንዳላት ተናግራ የሰውየውን የልብ ምት እንድትፈትሽ ለመነች፤ ከለከሏት። የትግል ስፖርት የሚያውቅ አንድ ሰው ይህ አያያዝ ሰው እንደሚገድል ለፖሊሱ በግልጽ ነገረው። በኋላም 911 ደውሎ ፖሊስን ለፖሊስ ከሰሰ። አንድ የ61 ዓመት ሽማግሌ መጀመሪያ ፍሎይድን “እሺ በላቸው” እያለ መከረ፤ ነገሩ ሲከፋ ፖሊሱን ተቆጣ። ጥሪ የምትቀበለው የ911 ሠራተኛ እንኳ በመንገዱ ካሜራ ስታይ ምስሉ የቆመ እስኪመስላት ድረስ ጉልበቱ አልነሣ ቢል፣ ለፖሊሶቹ አለቃ ደውላ አመለከተች። ከእነዚህ መካከል አንዳቸውም ሰውየውን ማትረፍ አልቻሉም። በእጃቸው ቢሞክሩ ኖሮ የሟቾቹ ቁጥር በጨመረ ነበር።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥፎ ነገር ያየ ሰው እንደ አቅሙ፣ በእጁ ወይም በአንደበቱ፣ ካልሆነም በልቡ እንዲቃወም ማስተማራቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ዑለማዎችም በእጅ መከልከል ከመጀመሪያው ክፋት የባሰ ክፋት የሚያመጣ ከሆነ እንደማይፈቀድ ያስረዳሉ። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ በእጅ ካልተቻለ ነገሩ አበቃ ብለን፣ በልባችን ጠልተን መንገዳችንን እንቀጥላለን። በመሃል ያለውን አንደበት እንዘለዋለን። የዚያ ቀን መንገደኞች ያደረጉት ግን ይህንኑ መሃለኛውን ነው። አልሸሹም፤ ተናገሩ፤ ቀረጹ፤ ያዩትንም ይዘው ቆዩ። ምስክርነት ማለት ይህ ነው።

በሸሪዓችን ምስክርነት አማና ነው። ቁርአን ምስክሮች በተጠሩ ጊዜ እምቢ እንዳይሉ ያዛል፤ ምስክርነትን የሚደብቅን ሰው ልቡ ኃጢአተኛ እንደሆነ ያስተምራል። በሱረቱ ኒሳእ ደግሞ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በቅርብ ዘመዶቻችን ላይ ቢሆን እንኳ ለፍትሕ ቀጥ ብለን እንድንቆም እንታዘዛለን። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ለተበደለው ወገን መመስከር ለብዙ ሰው ቀላል ነው፤ በገዛ ወገን ላይ መመስከር ግን ሌላ ነገር ነው።

በ2021 የጸደይ ወራት ሾቪን ችሎት ፊት ሲቀርብ ይህ በአደባባይ ታየ። ክሱን የመራው የሚኒሶታ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኪት ኤሊሰን ነው። ይህ ሰው በ2006 ለአሜሪካ ምክር ቤት የተመረጠ የመጀመሪያው ሙስሊም መሆኑንና በ2007 መጀመሪያ የቶማስ ጄፈርሰን ንብረት በነበረ ቁርአን መሐላ መፈጸሙን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ዐቃብያነ ሕጉ ጉዳዩን በሊቃውንት አልጀመሩም። ከላይ የጠቀስናቸውን መንገደኞች አንድ በአንድ አቀረቡ፤ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ እንኳ ቀርባ ያየችውን ተናገረች። ያ የ19 ዓመት ገንዘብ ተቀባይም ቀረበ። ኖቷን ባይቀበል ኖሮ ይህ ሁሉ እንደማይደርስ ማሰቡን ለፍርድ ቤቱ ተናገረ። ከዚያም የከተማው የፖሊስ አዛዥ ሜዳሪያ አራዶንዶ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ የሥር ሠራተኛው የነበረው ሰው ያደረገው ነገር ከመሥሪያ ቤቱ ደንብ ውጭ መሆኑን መሰከረ። ፖሊስ በፖሊስ ላይ ሲመሰክር በዚህ አገር ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም። ኤፕሪል 20 ቀን ጁሪው በሦስቱም ክሶች ጥፋተኛ ብሎታል፤ በጁን ወር 22 ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሦስቱ ባልደረቦቹ በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ሾቪን በጉልበቱ ሲጫን የነበራቸውን ኃላፊነት ባለመወጣታቸው ነው። ቆሞ ማየት ለባለሥልጣን ወንጀል የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ይህ አንደኛው ወገን ነው። ሌላኛው ወገን ደግሞ እሳቱ ነው።

ከግድያው በኋላ በአሜሪካ ከተሞች የወጣው ሰልፍ በአብዛኛው ሰላማዊ ነበር፤ ይህን መካድ ውሸት ነው። ይሁንና በሚኒያፖሊስ ሜይ 28 ሌሊት የሦስተኛው ክፍለ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ተቃጠለ። ሌክ ስትሪት የሚባለው ረጅም ጎዳና ነደደ። በሚኒያፖሊስና በጎረቤቷ ሴንት ፖል ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤቶችና የንግድ ቦታዎች ጉዳት ደረሰባቸው፤ ጥፋቱ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። ሌክ ስትሪትን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የሶማሌው፣ የሜክሲኮው፣ የኛም አገር ሰው ጥረው ግረው የከፈቱት ሱቅ ያለበት ሰፈር ነው። ብዙዎቹ በቂ ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። ሁለት ፖስታ ቤቶች ተቃጠሉ። መድኃኒት ቤቱና ትልልቁ የምግብ መደብር በመዘጋቱ መኪና የሌላቸው አረጋውያን ተቸገሩ። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል እንዲሉ፣ ዕቃ ተሸክሞ የሚሮጥም ነበር። ዕቃ እያስያዙ በሚበደሩበት አንድ የተቃጠለ ሱቅ ፍርስራሽ ውስጥ የአንድ የ30 ዓመት ሰው አስከሬን የተገኘው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። ስሙን የሚያነሳ ሰልፍ ግን አልወጣም።

በዚያ ሌሊት ከተቃጠሉት መካከል ጋንዲ ማሃል የሚባል ምግብ ቤት አለበት። ባለቤቱ ከባንግላዴሽ የመጣ ሙስሊም ነው። ሁከቱ ሲበረታ ለቆሰሉ ሰልፈኞች እርዳታ መስጫ እንዲሆን ቤቱን ከፍቶ ነበር። ቤቱ ሲነድ ደግሞ ሕንፃ እንደገና ይሠራል፣ ሰው ግን አይሠራም፣ ፍትሕ ይምጣ እንጂ ይቃጠል የሚል መልእክት አስተላለፈ። ይህ ንግግር ብዙ ተመስግኗል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ቃል መናገር የሚችለው ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ብቻ ነው። የራስን ሐቅ መተው ትልቅ ደረጃ ነው፤ የሌላውን ሰው ሐቅ በእርሱ ፈንታ መተው ግን ዙልም ነው። ክብሪቱን የጫረው ሰው “ሕንፃ እኮ ይሠራል” ቢል ማን ይቀበለዋል?

ደግሞም በእንዲህ ያለ ሌሊት ከጎንህ የቆመው ማን እንደሆነ አታውቅም። ከቴክሳስ ድረስ የመጣ፣ መንግሥትን በመሣሪያ መጣል ከሚፈልጉ ወገኖች አንዱ የሆነ ሰው፣ በፖሊስ ጣቢያው ሕንፃ ላይ 13 ጥይት መተኮሱን በ2021 በፍርድ ቤት አምኗል። ለፍሎይድ ቤተሰብ የመጣ ሰው አልነበረም። ለራሱ ዓላማ ሕዝቡን እንደ ጥላ የተጠቀመ ነው። እሳት ማስረጃን ይበላል፤ የተበደለውን ሰው ጉዳይም ከዜናው መጀመሪያ ወደ መጨረሻው ያወርደዋል። ከማግስቱ ጀምሮ ሰው ስለ 9 ደቂቃው ሳይሆን ስለ ሱቁ ነበር የሚከራከረው።

በዚያው ሳምንት ሰፈሩን የጠበቁትም ተራ ሰዎች ናቸው። ጎረቤታሞች በየመንገዱ ተራ ገብተው አደሩ። በየማለዳው መጥረጊያና አካፋ የያዘ ሕዝብ ሌክ ስትሪትን ሲጠርግ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት ለ85 ቤተሰቦች የሚሆን የምግብ ከረጢት ሰጪ ቢጠይቅ፣ የመኪና ሰልፍ ሰፈሩን ሞላው፤ የመጣው ምግብ ከታሰበው እጅግ በለጠ። እንዲህ ያለው ሥራ በቴሌቪዥን እንደ እሳት አያምርም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። አንድ ታክሲ የሚነዳ ወንድም ከጁሙዓ ሰላት በኋላ እንዲህ አለኝ፤ “ኡስታዝ፣ ይህ የጥቁር አሜሪካኖችና የነጮች ጣጣ ነው። እኛ እንግዳ ነን፤ ምን አገባን?” እንዲህ የሚያስበው እርሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ የሙሉጌታ ሥራውን ነገር ላስታውሳችሁ። ሙሉጌታ በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የሚኖር፣ ለትምህርት የመጣ የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ ነበር። በኖቬምበር 1988 ከጓደኞቹ ጋር ሳለ ራሳቸውን የተላጩ የነጭ ዘረኞች ቡድን አባላት በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ከየት አገር እንደመጣ አልጠየቁትም። ፓስፖርቱንም አላዩም።

ገዳዮቹ ታሰሩ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ቤተሰቡ ከሰብዓዊ መብት ጠበቆች ጋር ሆኖ ወጣቶቹን ያነሣሣውን ድርጅትና መሪውን ቶም ሜትዝገርን በፍትሐ ብሔር ከሰሰ። በ1990 ጁሪው የ12 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ካሣ ፈረደ። ሜትዝገር ይህን ያህል ገንዘብ አልነበረውም፤ ሆኖም ቤቱ ተሸጠ፣ ድርጅቱም አቅሙ ተሰበረ። በ2018 ግድያው 30 ዓመት ሲሞላው በተገደለበት ሰፈር ስሙ በእንግሊዝኛና በአማርኛ የተጻፈበት ምልክት በመንገድ ታርጋዎች ላይ ተተከለ። “ምን አገባን” ለሚል ሁሉ በአማርኛ የተጻፈ መልስ ነው።

ሌላም ከዚህ የሚከብድ ነገር አለ፤ እዚሁ ካልተነገረ የት ሊነገር ነው? ከመካከላችን ጥቁር አሜሪካዊውን ጎረቤቱን፣ ደንበኛውን ወይም ተሳፋሪውን በአማርኛ “ባሪያ” እያለ የሚጠራ አለ። “አይሰሙም” ይላሉ። አላህ ግን ይሰማል፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅህም ይሰማል። ታላቁ ሰሓቢ አቡዘር በንዴት አንድን ሰው በእናቱ ሲሰድብ (ብዙዎች የተሰደበው ቢላል ነው ይላሉ፤ ቢላል ደግሞ የኛው የሐበሻ ሰው ነው) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገና የጃሂሊያ ነገር እንዳለበት ነግረውታል። ይህ የተነገረው ለአቡዘር ነው፤ በእውነተኛነቱ ለተመሰገነው ሰው። እኛን ታዲያ ምን ይሉን ነበር? ይህ ቃል ከቤታችን ሳይወጣ ሰልፍ ብንወጣ ምን ዋጋ አለው?

ሱቅ ያላችሁ፣ ነዳጅ ማደያ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ስለ ካፕ ፉድስ ደጋግማችሁ አስቡ። የሱቁ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ደንብ ነበራቸው፤ ደንቡን ተከተሉ። ይሁን እንጂ ባለቤቶቹ ከዚያ በኋላ ጉዳት ለሌለበት ነገር በሰፈሩ ሰው ላይ ፖሊስ እንደማይጠሩ አስታውቀዋል። በበኩሌ ይህን ትክክለኛ ውሳኔ አድርጌ አየዋለሁ። መሣሪያ የያዘ ሌባ ሲመጣ፣ ሰው ሲደበደብ 911 ደውሉ፤ ለዚህ ጥርጥር የለኝም። ነገር ግን ለ20 ዶላር ወይም ለአንድ ጠርሙስ ጭማቂ መጀመሪያ ሌላ መንገድ ፈልጉ። ኖቷን መመለስ፣ ደንበኛውን በስሙ ጠርቶ ማነጋገር፣ ኪሳራውን መቻል ይቻላል። ፎርጅድ የተቀበለ ሠራተኛ ከደመወዙ ይክፈል የሚል ደንብ ካላችሁም አንሡት። ልጁን ከሳንቲም ጋር አፋጥጦ ፖሊስ ወደ መጥራት የሚገፋው እንዲህ ያለ ደንብ ነው። ብትደውሉም ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። “ሰክሯል”፣ “አደገኛ ነው” የሚል ግምት ስትጨምሩ፣ የሚመጣው ፖሊስ እጁን ሽጉጡ ላይ አድርጎ ነው የሚመጣው።

በመንገድ ላይ ፖሊስ በሰው ላይ ሲከፋ ካያችሁ ምን ታደርጋላችሁ? በአደባባይ ሥራ ላይ ያለን ፖሊስ መቅረጽ መብት መሆኑን ብዙ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች አረጋግጠዋል። ሥራውን ማደናቀፍ ግን ወንጀል ነው፤ አንዳንድ ግዛቶች ርቀቱን በሕግ ለመወሰን ሞክረዋል። ስለዚህ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ስልኩን አስቀድማችሁ በእጃችሁ ያዙ፤ በዚያች ቅጽበት ኪስ ውስጥ እጅ መክተት አደገኛ ነው። “ወደ ኋላ” ሲባል ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ቅረጹ። ቦታውንና ሰዓቱን በድምፅ ተናገሩ፤ ስድብ ግን አትናገሩ፤ የእናንተ ስድብ በቪዲዮው ላይ ለተከሳሹ ጠበቃ ስጦታ ነው። ቪዲዮውን አትቁረጡት፤ ሙዚቃና ጽሑፍ አትጨምሩበት፤ ዋናውን ቅጂ አስቀምጡ። ያላያችሁትን አየሁ አትበሉ። ፖሊሱ በትክክል ሲሠራ ካያችሁም እርሱንም መስክሩ። ፍሎይድን የጠቀመው ቪዲዮው የነደደ ስለነበረ ሳይሆን ያልተቆረጠ ስለነበረ ነው።

ለምስክርነት ስትጠሩ “ቋንቋ አልችልም” የሚለው ምክንያት አይሆንም፤ በወንጀል ጉዳይ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ያቀርባል። የመኖሪያ ወረቀቱ ጉዳይ የሚያሳስበው ሰው አስቀድሞ ጠበቃ ያማክር። የመስጂዳችን ጀመዓም ምስክሩን ብቻውን ሊተወው አይገባም። የሚያደርሰው መኪና፣ ውጭ ሆኖ የሚጠብቀው አንድ ወንድም፣ ልጆቿን የምትይዝላት አንዲት እህት ትልቅ ነገር ነው።

የሰዓት እላፊ ሲታወጅ ልጆቻችሁን ቤት ሰብስቡ። ግሪን ካርድ ያለው ወጣት በዝርፊያ ቢያዝ ከእስሩ ሌላ ከአገር መባረር ሊከተለው ይችላል፤ ይህን ቀደም ብላችሁ ንገሩት። ሰላማዊ ሰልፍ ልሂድ ካለ ግን አትከልክሉት። አብራችሁት ሂዱ፤ አብራችሁም ተመለሱ። በስልካችሁ ቡድን ውስጥ “ዛሬ ማታ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሊመጡብን ነው” የሚል ወሬ ሲደርሳችሁ ሳታጣሩ ለሌላው አታስተላልፉ። ቁርአን ወሬን እንድናጣራ ያዘዘን ባለማወቅ ሰው ላይ ጉዳት እንዳናደርስና በኋላ እንዳንጸጸት ነው።

ቪዲዮውና ፍርዱ ያላለቀውን ሥራ ደግሞ ማንም በአንድ ሌሊት አይጨርሰውም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2023 ባወጣው ጥናት የሚኒያፖሊስ ፖሊስ በጥቁሮችና በአገሬው ቀደምት ሕዝቦች ላይ አድልዎ ይፈጽም እንደነበር አረጋግጧል። በዚህ ላይ የተመሠረተውን ስምምነት ግን ፌዴራሉ መንግሥት በ2025 ተወው። ከግዛቱ የሰብዓዊ መብት መሥሪያ ቤት ጋር በ2023 የተደረገው ሌላው ስምምነት በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር ሆኖ ቀጠለ። እንደምታዩት አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ክፍት የቀረው አስቀድሞ በሁለቱም በሮች የቆመ ሰው ስለነበረ ነው። በ2021 ከተማው የፖሊስ መሥሪያ ቤቱን በሌላ ይተካ ወይስ አይተካ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ አብዛኛው አይተካ ብሏል። ከተበዳዩ ማኅበረሰብ ውስጥም በዚህ የተለያየ ሐሳብ ነበር። ስለዚህ የከተማችሁ ምክር ቤት ስለ ፖሊስ ሲሰበሰብ ከጀመዓው አንድ ሰው ሄዶ ቢሰማና መጥቶ ቢነግረን ጥሩ ነው። አሰልቺ ስብሰባ ነው፤ የሚወሰነው ግን እዚያ ነው።

በመጨረሻ ስለ ጁሪ ደብዳቤ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። በሾቪን ጉዳይ ፍርዱን የሰጡት 12 ሰዎች ዳኞች አልነበሩም፤ እንደ እናንተ በፖስታ ደብዳቤ የደረሳቸው ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ በኮምፒውተር ሙያ የሚሠራ፣ ከችሎቱ 14 ዓመት ቀደም ብሎ ወደዚህ አገር የመጣ ጥቁር ስደተኛ ነበር። ብዙዎቻችን ደብዳቤው ሲመጣ ሥራ ይቀርብናል ብለን ማምለጫ እንፈልጋለን። ዜግነት ያላችሁ አታምልጡ፤ ለጁሪ በመሄዱ ሠራተኛውን የሚያባርር ቀጣሪ በሕግ ይጠየቃል። ዜግነት የሌላችሁም ደብዳቤው ሊደርሳችሁ ይችላል፤ ስሙ በብዙ ቦታ ከመንጃ ፈቃድ መዝገብም ይወሰዳልና። እንደዚያ ከሆነ ደብዳቤውን አትጣሉት። ዜጋ አይደለሁም የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጋችሁ፣ ፈርማችሁ በተባለው ቀን መልሱት። ማንበብ ያስቸገራችሁ ደብዳቤውን ይዛችሁ ወደ መስጂዱ ጽሕፈት ቤት ብትመጡ፣ ኢንሻአላህ አብረን እንሞላዋለን።